ሲዲው፣ ወስፌውና የእትዬ የሻረግ ቅል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ አንድ ጋቢና አንድ ፍላሽ። ጋቢው የሚጠበቅ ነው። ፍላሹን የሰጠችኝ በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት ባለሙያ ሰብለ ናት። «ጋሽ ምናለ፣ እስከ ዛሬ የጻፉት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አለችኝ። መዳፌ ላይ አድርጌ ባየው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጥፍር ሲያህል ትንሽ ይከፋዋል፣ እኔንም ከፋኝ። ነገር ግን ልማድ ነውና «ከፍተሽ አይተሽዋል?» አልኳት።

«ገልብጨዋለሁ» አለች።

«ገልብጠሽማ ገልብጠሻል። ከፍተሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

ሰብለ ስቃ ላፕቶፑን አመጣች። እንግዳው ሁሉ ምሳውን ትቶ እያየን ፍላሹን ሰክታ የመጨረሻውን ፋይል እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ከፍታ አሳየችኝ። ያን ጊዜ ነው «እግዜር ይስጥልኝ» ያልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ከፊት ወንበር ቅል ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ግን አልሳቁም። «ደግ አደረግህ» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳቸውን ነገር እመለስበታለሁ።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ ሰው ነው። ልማዱን አንድ ጊዜ ብቻ ዘነጋሁት፣ አንዱ ጊዜም በቂዬ ሆነ። የማወራችሁ ይህንኑ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ፈረስ ቤት በምትባል የደጋ ከተማ በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ስለ ደሞዙ አይወራም፤ ስለ ብርዱ ግን ቢወራ አያልቅም፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ የሰካራም ይመስል ነበር። ያኔ «መረጃ ማስቀመጥ» ማለት ወረቀት አቃፊ ውስጥ፣ አቃፊውን ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑን ከወለል ከፍ አድርጎ ማኖር ማለት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል አምን ነበር። ሞኙን በተመለከተ እስከ ዛሬም አምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፍኖተ ሰላም ብዙ ወደማይርቅ አንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። የወረዳውን ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የወረዳው አይደለም። ኮምፒውተር የሚሉትን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። የዳንቴል ልብስ ለብሶ፣ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት ተቀምጧል። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። አስተዳዳሪው ሳይቀሩ በካልሲ ነበር የሚገቡት፤ ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ ቀዳዳ እንዳለው መላው ሠራተኛ ያወቀው በዚሁ ነው።

የክፍሉ ሹም ጋሽ ይስማው ይባላሉ፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። በልጅነታቸው ብዙ ዓመት ዜማ ተምረው፣ ሕመም ከጉባኤ ቤት ቢያስወጣቸው ወደ ቢሮ ሥራ የገቡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ዲስክ አይነኩም፤ ሲነኩም ጠርዙን ብቻ ነው። ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ የተናገሩትን አይደግሙም፤ ካልገባህ መጠየቅ ያንተ ፈንታ ነው።

«ምናለ፣ ዕቃ ሁሉ ጠባይ አለው» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ጠባዩን ያላወቅህለት ዕቃ አንድ ቀን ያዋርድሃል።»

ከዚያ የተበላሸ ፍሎፒ፣ ያን የድሮውን አራት ማዕዘን ዲስክ፣ አምጥተው ከፊቴ ገነጠሉት። ፕላስቲኩ ሲከፈት ከውስጡ ቡናማ፣ ስስ፣ ክብ ነገር ወጣ። «ይህ የካሴት ክር ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ክብ መሆኑ። ጽሑፉ የተጻፈበት በማግኔት ነው። በማግኔት የተጻፈውን ማግኔት ያጠፋዋል።» ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያም አሳዩኝ። መዝጊያዋን ስታንሸራትት ቀዳዳው ከተከፈተ ፍሎፒው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። «አሮጌ ዲስክ ልታነብ ስትል መጀመሪያ ይህችን ክፈት። ከዚያ ቅዳ። ማንበብ ከዚያ በኋላ ነው።»

ትምህርቱ በተግባር የተፈተነው ወዲያው ነው። የገበያ ዕለት ገበሬውን ለመጥራት የምንጠቀምበትን ትልቅ ድምፅ ማጉያ አንዱ ባልደረባችን አምጥቶ የፍሎፒ መደርደሪያው ላይ አሳረፈው። ሰኞ ስንመጣ ስምንት ፍሎፒ ባዶውን ቀርቷል። ጋሽ ይስማው አልተቆጡም። የድምፅ ማጉያውን ጀርባ ፈትተው ማግኔቱ ላይ አንድ ሚስማር አስጠጉ፤ ሚስማሩ ልጥፍ ብሎ ተጣበቀ። «አያችሁ፤ ጩኸቱ አይደለም ያጠፋው» አሉና ሚስማሩን እንደተጣበቀ ትተውት ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማጉያው በረንዳ ላይ አደረ።

ሃርድ ዲስክን ሲያስረዱኝ ደግሞ ወፍጮ ነው አሉኝ። ውስጡ የብረት ሳህኖች በፍጥነት ይሾራሉ፤ ጽሑፉን የሚያነብ ክንድ ከሳህኑ በላይ ሳይነካው ያንዣብባል። ከነካው ፈጨው ማለት ነው። ስለዚህ ጠላቱ መውደቅና የመብራት ብልጭ ድርግም ነው። ብዙ ይይዛል፤ ሺህ ፍሎፒ የማይችለውን አንዱ ይሸከማል፤ ሲሞትም የሺህ ፍሎፒ ሞት ይሞታል። ጋሽ ይስማው በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ያደርጋሉ። «ዛሬ ድምፁ ሻክሯል» ካሉ ዕለቱን ሌላ ሥራ የለም፣ ቅጂ ብቻ።

ቅጂን በተመለከተ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው «ያልተከፈተ ቅጂ ያልተቀመሰ ጠላ ነው» የሚል ነው። የቀዳኸውን ሌላ ማሽን ላይ ከፍተህ የመጨረሻውን መስመር ማንበብ አለብህ፤ መጀመሪያው ሁልጊዜ ደህና ነው፣ የሚቆረጠው ጅራቱ ነው። ሁለተኛው «አንዱ በእጅህ፣ አንዱ በመዝገብ ቤት፣ አንዱ ከባለቤቱ ዘንድ» የሚል ነው። ሁለቱን ቦታዎች አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛውን የዜማ ቤት አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በአንድ በጋ ሾላ ውሃ የምትባል ቀበሌ ወርደን መሬት ለካን። ማደሪያችን ከአቶ ዘለቀና ከባለቤታቸው ከእትዬ የሻረግ ቤት ነበር። እትዬ የሻረግ ስፌት የሚሰፉ፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ጋሽ ይስማው ማታ ማታ ከሳቸው ጋር ሲጨዋወቱ ወንድምና እኅት ይመስሉ ነበር። ቀን ቀን እያንዳንዱን ማሳ እየዞርን፣ አዋሳኞቹን በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን እያልን እንመዘግባለን፤ ቢሮ ስንመለስ እኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ። ሥራው እንዳለቀ ጋሽ ይስማው በቅሎ ተከራይተው ለብቻቸው አንድ ቀን ተመልሰው ሄዱ። ልሰናበታቸው ነው አሉ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።

ጋሽ ይስማው ጡረታ ወጥተው ጢስ ዓባይ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ክፍሉ የእኔ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሲዲ መጣ። ፍቅር ያዘኝ ብል ማጋነን አይሆንም። የፍሎፒን ብዙ መቶ እጥፍ ይይዛል። የሚነበበው በብርሃን ነው፤ ማግኔት አያስፈራውም። አንዴ ከተጻፈበት ማንም አይሰርዘውም። ሻጩ የልጅ ልጆቼ እንደሚያነቡት ነግሮኛል። የወረዳውን መዝገብ በሙሉ አሥራ አራት ሲዲ ላይ ቀዳሁ፤ አንድ በአንድ በሌላ ማሽን ከፍቼ የመጨረሻውን መስመር አነበብኩ። ልክ እንደተማርኩት። ከዚያ ፍሎፒዎቹን ሰብስቤ አስወገድኳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የንብረት ቆጠራ ሆነ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ በቆጠራ ጊዜ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር የለም፤ ወንበር፣ ሰዓት፣ መጥረጊያ ሳይቀር። ሲዲዎቹም ንብረት ናቸውና ቁጥር ይጻፍባቸው ተባለ። ወረቀት ብለጥፍ ይረግፋል፣ በእስክሪብቶ ብጽፍ ይለቃል። እኔ ደግሞ ሥራዬን የምወድ ሰው ነኝ። ከገበያ ወስፌ ገዛሁ። የሚያብረቀርቀውን ፊት እንደ ዓይኔ ብሌን እየጠበቅሁ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኝቼ፣ በጀርባው በኩል የንብረት ቁጥሩን በወስፌ ነጥብ በነጥብ ቆረቆርኩበት። በአሥራ አራቱም። ቁጥሮቹ እንዴት ያምሩ ነበር! ቆጣሪው አይቶ «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቢበዛልን» አለ። ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ፤ ከቆረቆርኩ በኋላ ግን አንዱንም አልከፈትኩም። ከዚያ በፊት ከፍቻቸዋለሁ አይደል?

ያን ክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ከሾላ ውሃ መዝገብ ግማሹ ርሶ ገጾቹ እንደ እርጥብ ቂጣ ተጣበቁ። አልደነገጥኩም፤ ኮምፒውተር አለ። በመስከረም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በዛና ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አሁንም አልደነገጥኩም፤ ሲዲ አለ።

በጥቅምት እትዬ የሻረግ መጡ። አቶ ዘለቀ በሰኔ አርፈዋል። የባላቸው ወንድም አያ ደምሴ የታችኛውን፣ የወንዝ ዳሩን ማሳ «የእኔ ድርሻ ነው» ብለው ይዘውባቸዋል። የይዞታ ደብተሩን ለቅሶው ዕለት «ቤቱ ሰው በዝቶበታል፣ እኔ ላስቀምጥልሽ» ብለው የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጠፋ ይላሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ማሳው በማን ስም እንደተለካ ከእኛ ቢሮ ጠይቋል። ለእትዬ የሻረግ ያ ማሳ ማለት የዓመት ቀለብ ነው፤ የላይኛው ድንጋይ ነው።

«ይቀመጡ እትዬ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ሲዲ አስገባሁ። ማሽኑ ሽው ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሁለተኛውን አስገባሁ። ሦስተኛውን። አሥራ አራቱም ያው ሆኑ። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብይዘው በወስፌ በቆረቆርኩት ቁጥር በኩል የፀሐይ ብርሃን እንደ ወንፊት ያልፋል። ያኔ ገባኝ። የሲዲ ጽሑፍ ያለው የሚያብረቀርቀው ፊት ላይ አይደለም፤ ከጀርባው በኩል፣ ከስሷ ቀለም ሥር ነው። ከፊት በኩል ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ትንሽ ቢጫርም ይችላል። እኔ ጠንካራውን ጎን በጨርቅ ተንከባክቤ ስሱን ጎን ወግቼዋለሁ። ካነጋገር ይፈረዳል ካያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ፤ እኔ በጥንቃቄ ነው የቀደድኩት።

ዞር ብዬ እትዬ የሻረግን አየኋቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በትሕትና ይጠብቃሉ።

«ዛሬ ማሽኑ አልተመቸውም። ነገ ይመለሱ» አልኳቸው።

ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የወስፌውን ይቅር ብያለሁ። ስለማላውቅ ነው ያጠፋሁት። ይህችን አረፍተ ነገር ግን እስካሁንም ሳስባት አፍራለሁ። እሳቸው የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ሄደው፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ተመልሰው መጡ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ «መብራት የለም» አልኳቸው፤ አምፖሉ ከራሳችን በላይ እየበራ። ቀና ብለው አዩትና «እሺ ጌታዬ» ብለው ሄዱ። ለጋሽ ይስማው ደውዬ ልናገር ሁለት ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቻለሁ፤ ምን እንደሚሉኝ ሳስበው መልሼ አስቀመጥኩት። ፍርድ ቤቱ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጠ። በሦስተኛው፣ ቢሮው ካልመለሰ ባለው ማስረጃ እወስናለሁ አለ። ያለው ማስረጃ ደግሞ የአያ ደምሴ ምስክሮች ብቻ ናቸው።

«የተጠየቀው መረጃ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ አዘጋጀሁ። በቃላት ደረጃ ውሸት የለበትም። ማኅተሙን አንስቼ ሳላሳርፈው ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በዚህ መሀል እትዬ የሻረግ ገቡ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ፈገግ ብለው «ዛሬስ ነገ ደረሰ ይሆን?» አሉኝ።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። አንዱን ሲዲ ከሣጥኑ አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣሪያውን፣ መብራቱን፣ ወስፌውን፣ ሲመላለሱ የዋሸኋቸውን። እሳቸው ሲዲውን ገለበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ የወስፌ እጅ ነው» አሉ። «ቀጥ ያለ ነው፤ ያውቃሉ። ግን ምነዋ ይህን ያህል ተጫኑት?»

«ባለማወቅ ነው፣ እትዬ።»

«እና መዝገቡ ጠፋ ነው የሚሉኝ?»

«ጠፋ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ሾላ ውሃ ወርጄ ሰው ልጠይቅ አስቤያለሁ። የሚያውቁት ነገር፣ የያዙት ወረቀት ካለ…»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንዲያ ከሆነማ ጋሽ ይስማው የተዉብኝ አደራ አለ። ነገ ይዤ እመለሳለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ የመጡት በስንብቴ ዕለት ታቅፈውት ያየሁትን ያንኑ ቅል ይዘው ነው። አፉ በሰም ታሽጓል። ሰሙን በቢላ አንሥተው እጃቸውን አስገቡና በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ስፈታው ፍሎፒ ነው። በጋሽ ይስማው ቀጭን ጽሕፈት «ሾላ ውሃ፤ ሙሉ» ይላል። የጥግ መዝጊያዋ ክፍት ናት። በበቅሎ ሄደው ምን እንዳደረጉ ያኔ ገባኝ። ሦስተኛው ቅጂ፣ ከባለቤቱ ዘንድ።

ችግሩ ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን በቢሯችን አልቀረም፤ በፍኖተ ሰላምም ጠይቄ አጣሁ። ቡሬ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰይድ የሚባል ወዳጄ የሠርግ ካርድ የሚሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር እንዳለው ትዝ አለኝ። ፍሎፒውን ወደ ቅሉ መልሰን ከእትዬ የሻረግ ጋር በሚኒባስ ተሳፈርን። ሹፌሩ ቅሉን ዕቃ መጫኛ ላይ እናውጣው ቢላቸው «ይልቅ አንተ ውጣ፤ እኔ ይህን ይዤ እዚሁ እሆናለሁ» አሉት። የኋላ ወንበር ሥር የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ አየሁና ተሳፋሪውን ሁሉ አስነሥቼ እትዬን ከነቅላቸው ወደ ፊት አዛወርኳቸው። ሰው ምን ዓይነት በሽተኛ ነው ሳይለኝ አልቀረም።

ሰይድ ነገሩን ሰምቶ ሱቁን ግማሽ ዘጋ። የማሽኑን የፍሎፒ አፍ በአልኮልና በጥጥ ጠራረገ። አስገባነው። «ዲስኩ አይነበብም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰይድ አወጣውና እንደገና ጠረገ። አሁንም አይነበብም። እትዬ የሻረግ ከኋላችን ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሦስተኛው ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ አደረግሁ፤ ግር፣ ግር፣ ግርር አለ። ያ ድምፅ የዚያን ቀን እንደጣፈጠኝ የጣፈጠኝ ዜማ የለም።

«ልክፈተው?» አለ ሰይድ።

«መጀመሪያ ቅዳ» አልኩት።

ሁለት ፋይል ነበረበት። ሁለቱንም ቀድተን መዝገቡን ስንከፍት ማያው በማይነበብ ምልክት ተሞላ፤ ሰረዝ፣ ጥያቄ ምልክት፣ የፈረንጅ ፊደል። ሰይድ ራሱን ያዘ። ድሮ የአማርኛ ጽሑፍ እንደዛሬው በሁሉም ማሽን ላይ አይነበብም ነበር፤ የተጻፈበት የፊደል ፋይል ማሽኑ ላይ ከሌለ ያለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ያ የፊደል ፋይል ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ተስፋ ቆርጬ ሁለተኛውን ፋይል ምን እንደሆነ አየሁት። ጋሽ ይስማው ፊደሉን አብረው አስቀምጠውታል። በሩን ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም ቅል ውስጥ ከተውታል።

ፊደሉን ጫንነው፤ አማርኛው ወለል አለ። የመጨረሻውን መስመር አየሁ፤ ሙሉ ነው። ከዚያ ፈልጌ አገኘሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «የታችኛው ማሳ። ባለይዞታ ዘለቀ አንዷለምና የሻረግ በላይ። በምሥራቅ ወንዙ፤ በምዕራብ ደምሴ አንዷለም።» አያ ደምሴ አዋሳኝ ናቸው፤ ሰው ደግሞ የራሱ ማሳ አዋሳኝ አይሆንም።

እትዬ የሻረግ በሰይድ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ስሙን ይድገሙልኝ» አሉኝ። «ዘለቀ አንዷለም» አልኩ። «እንደገና።» ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። እኔም ሰይድም ዓይናችንን ወደ መንገዱ አዞርን።

የቀረው አጭር ነው። መዝገቡን አትመን፣ ጥፋቴን በዝርዝር ጽፌ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ለፍርድ ቤቱ ሰጠሁ። ለጥፋቴ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ተገቢ ነው። ፍርድ ቤቱ ሰው ልኮ ወሰኑን ሲያይ ድንጋዮቹ በተባለው ቦታ ተገኙ። የይዞታ ደብተሩም በዚያው ሳምንት በተአምር ከአያ ደምሴ ሣጥን ወጣ። ሰኔ ላይ እትዬ የሻረግ ወንዝ ዳሩን ዳጉሳ ዘሩበት። ለጋሽ ይስማው ደውዬ ሁሉንም ስነግራቸው «ወስፌ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከዚያ ወዲህ በተደወለ ቁጥር «ወስፌህ ደኅና ነው?» ነበር ሰላምታቸው።

በኋላ ቡሬ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ዕቃ አየሁ። ፍላሽ መጣ። የሚሾር ነገር የለውም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቫይረስ እንደ ጉንፋን ያዛምታል፣ ከሱሪ ጋርም ይታጠባል፣ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠም የያዘውን ቀስ በቀስ ይረሳል። ኤስ ኤስ ዲ የሚሉት፣ ሳህን የሌለው የማይሾር ዲስክ፣ መጣ። ፈጣን ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ጋሽ ይስማው ቢኖሩ ጆሯቸውን አስጠግተው ግራ ይገባቸው ነበር፤ ወፍጮው እያቃሰተ ይሞታል፣ ይህኛው ሳይናገር ነው የሚሄደው። አሁን ሁሉም ነገር ሩቅ ከተማ ባለ፣ ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው ይሉናል። መልካም ነው፤ ጣሪያችን ቢያፈስም አይርስም። ኔትወርክ በሌለ ቀን ግን ያው «ነገ ይመለሱ» ነው። ሰብለ ከሁሉ የትኛው ይሻላል ትለኛለች። ሁሉም ይሞታል፣ አሟሟታቸው ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞት በሚሞቱ ሁለት ዕቃዎች ላይ አታስቀምጪ እላታለሁ።

የስንብቱ ዕለት፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እትዬ የሻረግ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅሉ ግን ያው ነው። ያን ፍሎፒ ከቡሬ እንደተመለስን «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብለው ተቀብለውኝ መልሰው አሽገውታል። ለዓመታት ልጠይቃቸው እየፈለግሁ ያልደፈርኩት ነገር ነበር።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ያን ሁሉ ወር ሲመላለሱ ይህ ነገር ከቤትዎ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

ገረማቸው። «ጋሽ ይስማው ሲሰጡኝ ‹ቢሮው መዝገቡ ጠፋ ብሎ የጠየቀሽ ዕለት ስጭ፤ ከዚያ በፊት ለማንም አታሳይ› ነው ያሉኝ። ውስጡ ምን እንዳለ እኔ በምን አውቄ? እርስዎ ጠፋ አላሉኝ፤ ነገ ይመለሱ ነው ያሉኝ። ተመለስሁ።»

ከኪሴ ሌላ ፍላሽ አወጣሁ፤ ለሾላ ውሃ ብዬ ሰብለን ያስቀዳኋት ነው፤ ከፍቼ የመጨረሻውን መስመር አይቼዋለሁ። በየመስከረሙ ወደ ሰብለ ይዘውት እንዲመጡና እየሰካች እንድታየው ነገርኳቸው። ተቀብለው በፌስታል ጠቀለሉት፣ ቅሉ ውስጥ ከፍሎፒው ጎን አኖሩት።

«ይህንንስ ማን ሲጠይቀኝ ልስጥ?» አሉኝ።

«ይህን እንኳ እትዬ፣ ሳይጠየቁም ይናገሩ» አልኳቸው።

«አሁን ገና ተማሩ» አሉኝና ቅሉን ከደኑት።